ከግሽ ዓባይ እስከ ጣና፦ ስድስት ቀን በግልገል ዓባይ ዳር

ሐሙስ፣ ነሐሴ 2 ቀን 2011 ዓ.ም.

ከባሕር ዳር ስንወጣ ገና አልነጋም። ሌሊቱን ሲዘንብ ነው ያደረው። ፒካፑ ላይ አካፋ፣ ገጀራ፣ ገመድ፣ ባዶ ኬሻና የጭቃ ቦቲዬ ተጭኗል። ፍልሰታ ከገባ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ሹፌራችንም እኔም ስለምንጾም ለቁርስ የምንቆምበት ምክንያት የለም።

ያጠናሁት ሥነ ምህዳር ነው። ሥራዬ የወንዝ ዳር ላይ ነው። እስከ ውሃው ጠርዝ ታርሶ፣ ተግጦ፣ ተራቁቶ የቀረ ዳር አለ። እዚያ ዳር ላይ ድሮ የነበረው ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሣር እንዲመለስ እንደክማለን። ከ10 ቀን በፊት፣ ሐምሌ 22፣ አገሩ በሙሉ ችግኝ ሲተክል ዋለ። በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ተተከለ ተብሎ ተነገረ። እኔም ተክያለሁ፣ ደስም ብሎኛል። እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ "ስንት ተከላችሁ?" ይለኛል። "ስንቱ ጸደቀ?" የሚለኝ ጥቂት ነው።

በዚህ ጉዞ ግልገል ዓባይን ከምንጩ እስከ አፉ ማየት ፈልጌያለሁ። ወደ ጣና ከሚገቡት ወንዞች ትልቁ እሱ ነው። በቁራጭ በቁራጭ አውቀዋለሁ። እስከ ዛሬ ግን በአንድ ጉዞ ከላይ እስከ ታች አላየሁትም።

መራዊን፣ ወተት ዓባይን፣ ዳንግላን አለፍን። ከዳንግላ በኋላ፣ አዲስ ቅዳም አካባቢ፣ ኮረብታው ሁሉ ዲከረንስ ነው። ከአውስትራሊያ የመጣ የግራር ዘመድ ነው። መሬቱ አሲድ በዝቶበት እህል አልሰጥ ሲል ገበሬው ዲከረንስ ይተክልበታል። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ይቆርጠውና ከሰል ያከስለዋል፤ ከዚያ መልሶ ጤፍ ይዘራበታል። ብዙ ቤት በቆርቆሮ የተከደነው በዚህ ገንዘብ ነው። የሙያ ጓደኞቼ ዲከረንስ ሲነሳ ፊታቸውን ያጨማድዳሉ። እኔ አልፈርድም። ሰው መኖር አለበት። ብቻ ደን ነው እንዳይሉኝ። ሰብል ነው፤ ወፉም ንቡም ያውቀዋል።

ከጥሊሊ ምንጩ ወዳለበት ወደ ሰከላ ስንታጠፍ ጭቃው ያዘን። ሁለት ጊዜ ወርደን ገፋን። ግሽ ዓባይ ከተማ የደረስነው አመሻሽ ላይ፣ በብርድ እየተንቀጠቀጥን ነው።

ዓርብ፣ ነሐሴ 3

ጠዋት በባዶ ሆዴ ወደ ምንጩ ወረድኩ። ጸበል ነውና ደንቡ እንደዚያ ነው። ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለ ረግረግ ሜዳ ነው። ምንጩ ትንሽ ነው። ካርቱም ድረስ፣ ካይሮ ድረስ የሚሄደው ውሃ ከዚህ ነው የሚነሳው ቢሉት ለማመን ይከብዳል። ስፔናዊው ሚስዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1618፣ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ በ1770 እዚህ ደርሰዋል። ሁለቱም የመጡት ምንጩን ፍለጋ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ከምንጩ በታች ያለው ዳርና ዳሩ ነው።

ነጭ የለበሱ ሰዎች ጀሪካን ይዘው ተሰልፈዋል። አጠገቤ የቆሙ እናት የአቡነ ዘርዓ ብሩክን ታሪክ ነገሩኝ። ጻድቁ ሊታሰሩ ሲወሰዱ መጻሕፍታቸውን ለዓባይ አደራ ሰጡ። ዓመታት አልፈው ሲመለሱ ወንዙ መጻሕፍቱን አንድም ፊደል ሳያረጥብ ግሣ አድርጎ፣ ማለትም ተፍቶ፣ መለሰላቸው። ግሽ የሚለው ስም ከዚያ መጣ ይባላል። ልጅ ሆኜ ሰምቼው ነበር። ዛሬ ግን "ለወንዝ አደራ ሰጡ" የሚለው ላይ ቆምኩ። ዛሬ ለወንዝ የምንሰጠው ምን እንደሆነ አስቡት።

ከሰዓት በአካባቢው የአንድ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ቆየሁ። ኮሶ፣ ጥድ፣ ጥቁር እንጨት፣ ከሥራቸው ቀጋና አጋም። መሬቱ ስፖንጅ ነው፤ ዝናቡ ሲወርድ ድምፁ ከላይ ይሰማል እንጂ ውሃው አይፈስም። ከግንቡ ውጭ በሁለት እርምጃ ቀይ ጎርፍ እየሮጠ ነበር።

ስለ ቤተ ክርስቲያን ደን ሲነሳ የደን ተመራማሪውን ዶ/ር ዓለማየሁ ዋሴን ሳላነሳ አላልፍም። በደቡብ ጎንደር ደኖች ላይ የሠሩት ጥናት እኔን ወደዚህ ሙያ ካመጡኝ ነገሮች አንዱ ነው። አንዱ ውጤት እስከ ዛሬ ያስደነግጠኛል። አፈሩ ውስጥ ተኝቶ የሚጠብቅ የዛፍ ዘር በጣም ጥቂት ነው። የሣርና የአረም ዘር ሞልቷል። የጥቁር እንጨት፣ የዶቅማ፣ የዝግባ ግን ወይ ቶሎ ይበቅላል፣ ወይ ቶሎ ይሞታል፣ ወይ ይበላል። ስለዚህ ደን ተመንጥሮ ከታረሰ "ተውት፣ ራሱ ይመለሳል" ማለት ሁልጊዜ አይሠራም። እናት ዛፍ በቅርብ መኖር አለበት። በዚህ አገር ደግሞ እናት ዛፍ የቀረው በአብዛኛው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ነው።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 4

ከምንጩ ተነስተን ጅረቱን ተከትለን በእግር ወረድን። ከእኛ ጋር የልማት ጣቢያ ሠራተኛው አለ። ወጣት ነው፤ ያገኘውን ሰው ሁሉ በስሙ ይጠራል።

ምንጭ ባየን ቁጥር አጠገቡ ባሕር ዛፍ አለ። ቶሎ ያድጋል፣ ውሃ አይጠፋበትም። ከሥሩ ግን ምንም የለም። ቅጠሉ ወድቆ መሬቱን አልብሶታል፤ ሣር እንኳ አልበቀለበትም። አንድ አባት ከባሕር ዛፋቸው ሥር ቆመው ጠበቁን።

"ልታስቆርጡን ነው የመጣችሁ?" አሉ ገና ሰላም ሳንባባል።

"አይ አባቴ፣ ልንለምንዎ ነው።"

"ምን?"

"ከውሃው ራቅ እንዲያደርጉት። ወደ ላይ፣ ወደ ጭንጫው።"

ዝም አሉ። ቆይተው ሁለት ልጆቻቸውን ባሕር ዳር ያስተማሩት በዚህ ዛፍ መሆኑን ነገሩኝ። አንዱ ነርስ ሆኗል። እንዲህ ያለ ሰው ፊት ቆሞ ባሕር ዛፍ ጠላት ነው ማለት ነውር ነው። በምኒልክ ዘመን የገባው ለማገዶ ጭንቅ ነበር፤ ዛሬም ቤት የሚሠራበት፣ ልጅ የሚያስተምር እሱ ነው። እኔ የምከራከረው በቦታው ነው። ምንጭ ዳርና ወንዝ ዳር ቦታው አይደለም። በመጨረሻ ያሉት ይህ ብቻ ነው፦ "ይኸን ስቆርጥ መልሼ እዚህ አላበቅለውም። አሁን ግን አልቆርጥም።" ለእኔ ይህ ትልቅ መልስ ነው።

ማታ ወተት ዓባይ ገባን። ክፍሌ ውስጥ ልብሴን እያደረቅሁ ነው የምጽፈው።

እሑድ፣ ነሐሴ 5

ዛሬ አፈር አይቆፈርም፤ ሰንበት ነው። ከቅዳሴ በኋላ ቄሰ ገበዙ ፈቅደውልኝ በቅጥሩ ውስጥ ጥቂት ተናገርኩ። የልቅ ግጦሹን ነገር ያነሳሁት እኔ ብሆንም ክርክሩን የጨረሱት እነሱ ናቸው። አንዷ ወይዘሮ ተነስታ "ከብቱ የማን ነው? የእኛው አይደለም? ሣሩን አጭደን እንስጠዋ" አለች። ሳቅ ሆነ። ከዚያ ዳቦና ሽምብራ ተካፈልን።

ከሰዓት አምና የተከልንበትን ቦታ ለማየት ብቻ ወረድኩ። መሬቱ የአንዲት እናት ነው። እማማ ነው የምላቸው። ባላቸው ሞተዋል፤ ማሳቸው ከወንዙ ጋር ይዋሰናል። ወንዙ በየክረምቱ ዳሩን እየገመጠ ማሳቸውን ሲወስድ ኖሯል። ከውሃው ጠርዝ 10 ሜትር ለዛፍ ይተዉ ስንል ብዙ ሰው ያንገራግራል። እማማ ግን "እኔ ካልተውኩት እሱ ይወስደው የለም?" ብለው ሰጡን።

እውነቱን ልንገራችሁ። የመጀመሪያው ዓመት ሥራችን እዚህ ቦታ ላይ ከሽፎ ነበር። ዶቅማና ዋንዛ አዝዘን ከአንድ ችግኝ ጣቢያ የመጣልን ግራቪሊያ የሚባለው የውጭ ዛፍ ነው። ሰው ተሰብስቦ ስለነበር ተከልነው። ሥሩ በላስቲኩ ውስጥ ተጠምዝዞ ነበር፤ ከነላስቲኩ የተቀበረም አገኘሁ። በጋ ሲገባ ደረቀ፤ የተረፈውን ጎርፍ ወሰደው። ያን ቀን ወንዙ ዳር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እማማ አጠገቤ ተቀምጠው ምንም አላሉኝም። ቆይተው ግን ወደ ታች ጠቆሙኝ። ውሃው ጠርዝ ላይ አንዲት አሮጌ አኻያ ቆማለች። ጎርፉ ጎንበስ አድርጓት ያልፋል፤ ተመልሳ ትቃናለች። "እሷስ?" አሉኝ። በትምህርት ቤት ስለ አኻያ ተምሬያለሁ። ግን እዚያው ዓይኔ ሥር ቆማ አላየኋትም ነበር።

አምና የጀመርነው ከእሷ ነው። ዛሬ ሳየው፣ ከአኻያው ከግማሽ በላይ ቅጠል አውጥቷል። ከዶቅማው በእሾህ ያጠርነው ተርፏል፤ ያላጠርነውን ከብት በልቶታል። ከሁሉ ያስደሰተኝ ግን ማንም ያልተከለው ብሳና ነው። ወፍ ያመጣው ነው። ከብት ስላልገባ ብቻ በሦስት ቦታ በቅሏል። ብሳና እንዲህ ነው፤ ቀድሞ ይመጣል፣ ጥላ ይዘረጋል፣ ሌላው ከሥሩ ይከተላል።

ሰኞ፣ ነሐሴ 6

ዛሬ የሥራ ቀን ነበር። ወገቤ ተቆርጧል፣ ግን እንዲህ ያለ ቀን በዓመት ውስጥ ጥቂት ነው።

በጠዋት ቄሰ ገበዙ ዘንድ ሄድን። ከቤተ ክርስቲያኑ ዶቅማዎች ሥር የበቀለ ግልገል ችግኝ እንዲፈቅዱልን ለመጠየቅ ነው። ዶቅማ ዘሩ መድረቅ አይችልም። ተለቅሞ በከረጢት አይቀመጥም፤ ከደረቀ ሞተ። የወደቀው ዘር ግን በዝናብ ወዲያው ይበቅልና ከእናቱ ሥር እንደ ጎመን መደብ ጥቅጥቅ ይላል። አብዛኛው ጥላ በዝቶበት፣ ተሻምቶ ይሞታል። ከእሱ ብንወስድ ደኑ አይጎዳም።

ቄሰ ገበዙ አሰቡበት። "ከማርያም ቅጥር የወጣ ዛፍ ነው" አሉ። "ወንዝ ዳር ሄደ ብላችሁ ነገ ለማገዶ ትቆርጡታላችሁ?"

እማማ ቀድመው መለሱ። "እኔ በሕይወት እያለሁ አይቆረጥም አባ።"

"ከእርስዎ በኋላስ?"

እማማ የልጅ ልጃቸውን ወደፊት ገፋ አደረጉት። አሥር ዓመት ቢሆነው ነው። ልጁ አፍሮ መሬት መሬት አየ፤ ግን "አይቆረጥም" አለ። ቄሰ ገበዙ በመስቀላቸው ባረኩንና ገባን። እኔ በሥራዬ ብዙ ወረቀት አስፈርሜያለሁ። የዛሬውን የሚያህል ውል ግን አላስታውስም።

አወጣጡ እንዲህ ነው። ሁለት ሦስት ጥንድ ቅጠል ያለውን ብቻ እንመርጣለን። በእንጨት ሹል ዙሪያውን ፈልፍለን ከነአፈሩ እናነሳዋለን። ቅጠሉን በግማሽ እንቆርጠዋለን፤ ውሃ እንዳያባክን። በእርጥብ ኬሻና በኮባ ቅጠል ጠቅልለን ጥላ ሥር እናኖራለን። ፀሐይ ከመታው አለቀ። ያን ቀን የወጣው ያን ቀን መተከል አለበት። ስለዚህ እየሮጥን ነበር የምንሠራው። ልጆቹ ይሸከማሉ፣ ጎልማሶቹ ይቆፍራሉ፣ ሴቶቹ ኬሻውን ያረጥባሉ።

ወንዙ ዳር ሦስት መስመር አለን። ውሃው ጠርዝ ላይ አኻያ። አኻያ ችግኝ ጣቢያ አያስፈልገውም። ክንድ የሚያህል ቅርንጫፍ ቆርጠህ፣ ጫፉን ሹል አድርገህ፣ ግማሹን ጭቃው ውስጥ ትመታዋለህ፤ ሥር ራሱ ያወጣል። ከዚያ ከፍ ብሎ ዶቅማና ሾላ። እነሱ እግራቸው ቢረጥብ ግድ የላቸውም። ከዚያ በላይ፣ ማሳው አጠገብ፣ ዋንዛና ወይራ። በመካከሉ ሣሩን አንነካም። በማሳው በኩል ደግሞ ሰንሰል ተክለን የአጋምና የቀጋ እሾህ ጣል ጣል አደረግንበት። ሽቦ የለንም፤ ሽቦ ቢኖረንም ይሰረቃል። አጋም ግን ማንም አይሰርቀውም፤ ፍሬውንም ልጆች ይበሉታል።

አመሻሽ ላይ ሰማዩ ሲከፈት ወንዙን ቁጭ ብዬ አየሁት። ውሃው ወፍራም ነው፣ ቡናማ። የሰከላ አፈር ነው። በሩቅ ሁለት ልጆች መረብ ይዘው ቆመዋል። አንድ ነጭ አሳ አሳዩኝ፤ ሆዱ በእንቁላል ተወጥሯል።

ይህን አሳ ብዙ ሰው በሳህን ብቻ ነው የሚያውቀው። ጣና ውስጥ ወደ 15 የሚጠጉ የነጭ አሳ ዝርያዎች አሉ፤ አብዛኞቹ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የሉም። ከእነሱ ውስጥ ክረምት ሲገባ ከሐይቁ ወጥተው ወንዝ ለወንዝ ወደ ላይ የሚወጡ አሉ። የሚፈልጉት ንጹሕ ጠጠርና ፈሳሽ ውሃ ነው። እንቁላላቸውን ጠጠሩ መሐል ይጥላሉ። ደለል ከሸፈነው እንቁላሉ አየር አጥቶ ይሞታል። መረብ የወንዙን አፍ ከዘጋ ደግሞ እናቲቱ ጭራሽ አትደርስም። ውሃ ውስጥ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ እየበተነ የሚያሰክራቸውም አለ።

ልጆቹን አልተቆጣሁም። ይህቺ አሳ ወዴት እየሄደች እንደነበር ነገርኳቸው። ትልቁ ልጅ "ከጣና ድረስ ዋኝታ ነው የመጣች?" አለኝ። አዎ አልኩት። አሳዋን ለረጅም ጊዜ አያት። ይዟት ነው የሄደው፤ ቤት የሚጠብቁት አሉ። ግን ጥያቄው እውነተኛ ጥያቄ ነበር።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 7

ማታውን ባሕር ዳር ተመልሰን አድረናል። በሞተር ጀልባ ዘጌን አልፈን ወደ ግልገል ዓባይ አፍ ሄድን። ከሩቅ ሳይ ጣና ሁለት ቀለም አለው። አንዱ የሐይቁ፣ አንዱ የወንዙ። ወንዙ ቀዩን አፈር እንደ ምላስ ወደ ሐይቁ ዘርግቶታል። ከአራት ቀን በፊት ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ውጭ ሲሮጥ ያየሁት ጎርፍ እዚህ ደርሷል ማለት ነው።

ዳሩ ላይ ደንገል የሚባለው ረጅም የውሃ ዳር ተክል አለ፣ ግን ድሮ እንደነበረው አይደለም። ሐይቁ በበጋ ሲሸሽ ባሕር ሸሹ ይታረሳል፤ ደንገሉም አብሮ ይነቀላል። ደንገል ማለት ለነጭ አሳ ጫጩት መደበቂያ፣ ለወፍ ጎጆ፣ ለደለል ወንፊት ነው። በጣና ዳር ለሚኖሩት ለነገደ ወይጦ ሰዎች ደግሞ ታንኳ ነው። አንድ ታንኳ ሠሪ ጎልማሳ አገኘን። ጥሩ ደንገል ፍለጋ ከበፊቱ ራቅ ብሎ እንደሚሄድ ነገረኝ። ታንኳው ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ በጥቂት ወር መቀየር አለበት። ሲያስረው ዝም ብዬ አየሁት። እጁ አይቶ አይሠራም፤ እያወራኝ ነው የሚጠመጥመው።

ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭ (የተፈጥሮ ጥበቃ ቀጠና) ሆኖ ተመዝግቧል። እንቦጭ የሚባለው መጤ አረም ሐይቁን መውረሩ የታወቀው ከዚያ በፊት፣ በ2011 እ.ኤ.አ. ነው። የተስፋፋው በሰሜንና በምሥራቅ በኩል ነው። እዚህ አፍ ላይ ዛሬ አላየሁም፤ አላየሁም ማለት ግን አይመጣም ማለት አይደለም። እንቦጩን በእጁ እየነቀለ እስከ አንገቱ ውሃ ውስጥ የሚቆመውን ገበሬ ባየሁ ቁጥር ልቤ ይሰበራል። ማዳበሪያና ለም አፈር ከማሳው እየታጠበ እስከገባ ድረስ እንቦጭ ይጠግባል። ያ አፈር ማሳው ጠርዝ ላይ፣ በእማማ አኻያና ሣር መሐል ቢቀር ነው የሚሻለው።

ስንመለስ ጨለመ። ባሕር ዳር መብራቱ ሲታይ ስልኬ ጠራ። የእማማ የልጅ ልጅ ነው። ማታ ከላይ ከባድ ዝናብ ጥሎ ወንዙ ሞልቶ ነበር። የታችኛውን የአኻያ መስመር ግማሹን ወስዶታል። ዶቅማው ግን አልተነካም፤ አንድ በአንድ ቆጥሮታል።

"ነገ በጠዋት እመጣለሁ በላቸው" አልኩት።

ስልኩን እማማ ተቀበሉት።

"ምን ልታደርጊ ትመጫለሽ ልጄ? አኻያዋ እዚሁ ናት። ውሃው ጎደል ሲል እኛው ቆርጠን እንመታዋለን። አንቺ አርፈሽ ተኚ።"